ነጋዴው የማይገባበት ምርጫ፦ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የሚመረጠው የት ነው?

ደብረ ታቦር ላይ የጉናን ድንች ወይም የፋርጣን ገብስ የሚጭን ነጋዴ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። የባህር ዳር ዋጋ ስንት ገባ? መንገዱ እንዴት ነው? የጭነት ኪራይስ? ደላላው ለሦስቱም መልስ አለው። አራተኛውን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠየቅም ደላላው መልስ የለውም። ይኸውም ከምርጫው በኋላ ክልሉን የሚመራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

የምርጫ ቦርድ 7ኛውን አጠቃላይ ምርጫ በሰኔ 2018 ዓ.ም. ለማካሄድ ሲያቅድ የመራጩ ወሬ በአብዛኛው ያተኮረው ምርጫው ይደረጋል ወይስ አይደረግም በሚለው ላይ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡን በመጋዘን፣ በሊዝ ቦታና በጭነት መኪና ላይ ያሰረ ሰው ሌላም ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ድምፅ ቢሰጥ እንኳ የክልሉ ዋና ወንበር የሚታደለው በድምፅ መስጫ ጣቢያ አይደለም። የሚታደለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ፣ በፓርቲው ጓዳ ነው።

ወንበሩ ከኪስ ጋር ምን አገናኘው?

አንዳንድ ነጋዴዎች "ማንም ይሹም ማን እኛ ግብራችንን እንከፍላለን" ይላሉ። አነጋገሩ ትህትና ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን የተሳሳተ ነው።

አንደኛ፣ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት በግለሰብ ነጋዴዎች ገቢ ላይ የሚጣለውን ግብር የሚወስነውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የደብረ ታቦሩ ባለሱቅ፣ የወረታው የሩዝ ወፍጮ ባለቤት፣ የነፋስ መውጫው የእህል ነጋዴ በስማቸው በወጣ ፈቃድ እስከሠሩ ድረስ ግብራቸው የሚገባው ወደ ባህር ዳር ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቁርጥ ግብር ግምት በወጣ ጊዜ በብዙ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰው ቁጣ የተነሳው ከግምቱ ማነስና መብዛት ብቻ አልነበረም። ገማቹ እንዴት እንደገመተ የሚያስረዳ፣ አቤቱታም የሚሰማ ሰው በመጥፋቱ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ መሬት ነው። ሕጉን የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ ቦታ ያስቀመጠው ዘመን 70 ዓመት ነው። ባለሀብቱ ለ70 ዓመት ይፈርማል፤ ውሉን የሚያስፈጽመው ሹም ግን ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው የዞኑ ነገር ነው። እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደቡብ ጎንደር ግን የለውም። ዞኑ የክልሉ ቅርንጫፍ ነው፤ ዋና አስተዳዳሪውም ከላይ ይሾማል እንጂ በሕዝብ አይመረጥም። ስለዚህ ባህር ዳር ላይ ወንበር ሲነቃነቅ ደብረ ታቦር ላይ ያለው የመምሪያ ኃላፊ ብዕሩን ያስቀምጣል። "አዲሱ አመራር ይምጣና" የሚለውን ቃል የማያውቅ ጉዳይ ፈጻሚ የለም።

በታችኛው እርከን ደግሞ መተማመኛው ከዚህም የሳሳ ነው። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ እስከ 2013ቱ አጠቃላይ ምርጫ ድረስ አንድም ጊዜ አልተደረገም። በእነዚያ ስምንት ዓመታት አንድ የከተማ ነጋዴ በድምፁ ሊቀጣው ወይም ሊሸልመው የሚችል የቅርብ ሹም አልነበረውም ማለት ነው።

በ53 ወር አምስት ሹመት

ቁጥሮቹን ማየት ይበጃል። አቶ አያሌው ጎበዜ ከ1998 ዓ.ም. እስከ ታህሳስ 2006 ዓ.ም. ስምንት ዓመት ያህል ክልሉን መሩ። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ተተክተው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ላልሞላ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሌላ ነው።

ዶ/ር አምባቸው መኮንን፣ የጋይንት ተወላጅ፣ የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ተሾሙ። ሰኔ 15 ቀን በባህር ዳር ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። አቶ ላቀ አያሌው በተጠባባቂነት ከቆዩ በኋላ ሐምሌ 15 ቀን አቶ ተመስገን ጥሩነህ ተተኩ። እርሳቸውም ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ፌዴራል ተዛውረው የመረጃና ደህንነት ኃላፊ ሆኑና አቶ አገኘሁ ተሻገር መጡ። አቶ አገኘሁ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ለዶ/ር ይልቃል ከፋለ አስረከቡ። ዶ/ር ይልቃል በበኩላቸው ሁለት ዓመት ሳይደፍኑ ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በአቶ አረጋ ከበደ ተተኩ።

ከመጀመሪያው ሹመት እስከ መጨረሻው የተቆጠረው 53 ወር ተኩል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ሰዎች ወንበሩን ይዘው ለቀዋል፤ በአማካይ ለእያንዳንዳቸው 13 ወር ገደማ ይደርሳል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ነው። የ70 ዓመት ውል በአንድ በኩል፣ የ13 ወር ሹም በሌላ በኩል። አንድም ባንክ እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ብድር ባይሰጥ ሊፈረድበት አይገባም።

ከእነዚህ ለውጦች አንዱ በደም የመጣ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቆጠርም። የቀሩት ግን በፓርቲ ውሳኔ የተደረጉ ናቸው። መራጩም ነጋዴውም የሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው።

ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ የሚሆነው የ2013ቱ ነው። ሰኔ 14 ቀን የደብረ ታቦር ሕዝብ ተሰልፎ ድምፅ ሲሰጥ የክልሉ መሪ አቶ አገኘሁ ነበሩ። ፓርቲያቸው አሸነፈ። በነሐሴ ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ደረሰ፤ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ክረምቱ አልፎ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ያሸነፈው ፓርቲ ሌላ ሰው አቀረበ፤ አቶ አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሕገ ወጥ ሥራ አልተሠራም። ነገር ግን ድምፅ የሰጠው ሰው ለማን እንደሰጠ ያወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ደብረ ታቦር ይህን የመሰለ ነገር ቀድማም አይታለች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ገጥመው ጦራቸው አሸነፈ፤ ድሉን ሲያከብሩ ግን ራሳቸው ተማረኩ። ጦርነቱን ያሸነፈውና ወንበሩን የያዘው የተለያዩ ሆኑ። ያ ዘመን አልፏል። ድልና ወንበር በተለያየ ቦታ የሚወሰኑበት ልማድ ግን አላለፈም።

አንድ ገዢ ብቻ ያለበት ገበያ

አሠራሩ ቀላል ነው። የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። በየምርጫ ክልሉ የሚወዳደረውን ዕጩ ፓርቲው ይመርጣል። ምርጫው ካለፈ በኋላ አብላጫ ያገኘው ፓርቲ ርዕሰ መስተዳድሩን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ያጸድቃል። በ2007 ዓ.ም. ብአዴን 294ቱንም መቀመጫ ያዘ። በ2013 ብልጽግና ሰፊ አብላጫ አገኘ፤ ተቃዋሚው አብን በተወካዮች ምክር ቤት ያገኘው አምስት ወንበር ነበር። ውጤቱ እንዲህ ሲሆን እውነተኛው ውድድር በፓርቲዎች መካከል መሆኑ ይቀርና በፓርቲው ውስጥ ይሆናል።

በኢኮኖሚ ቋንቋ ይህ ሻጭ ብዙ፣ ገዢ አንድ የሆነበት ገበያ ነው። ለወንበሩ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመርጠው ግን አንድ ነው፣ ዋጋውን የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው። አንድ ገዢ ባለበት ገበያ ሻጩ የሚደክመው ለሸማቹ ሳይሆን ለገዢው ነው። ስለዚህ ርዕሰ መስተዳድር ለመሆን የሚያስብ ሹም ከደብረ ታቦር ነጋዴ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጉዳዩ ያለው ከላይ ነው። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ደግሞ "ላይ" የሚባለው ቦታ ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ ይበልጥ ራቀ። ቀድሞ ቢያንስ የብአዴን ማዕከላዊ ኮሚቴ የሚባል የክልሉ የራሱ አካል ነበር።

እዚህ ላይ የጥረትን ነገር መርሳት አይቻልም። ፓርቲና ንግድ ባንድ ጣሪያ ሲያድሩ ምን እንደሚመጣ የአማራ ክልል ነጋዴ በዓይኑ አይቷል። ዳሽን ቢራ፣ ጥቁር አባይ ትራንስፖርትና አምባሰል ንግድ ሥራዎችን በመሰሉ ድርጅቶች ጥረት በቢራውም፣ በጭነቱም፣ በእህሉም ገበያ ውስጥ ነበር። ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ በጥር 2011 ዓ.ም. ታስረው በ2012 ዓ.ም. የስድስትና የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለሕግ ሰዎች ይተው። ለነጋዴው ትምህርቱ ሌላ ነው። ጥረትን ማን ይመራዋል የሚለው ጉዳይ የተወሰነው ፓርቲው ውስጥ ማን አሸነፈ በሚለው ነበር፤ ወደቀ የተባለውም ፓርቲው ውስጥ ሚዛን ሲቀየር ነው። ከጥቁር አባይ ጋር በጭነት ኪራይ ይወዳደር የነበረ ባለመኪና ስለ ሁለቱም የሰማው ከሬዲዮ ነው።

ጎረቤት ምን ያደርጋል?

ኬንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ 47 የካውንቲ ገዥዎችን በቀጥታ ትመርጣለች። በ2022ቱ የነሐሴ ምርጫ ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን የለዩት በሚያዝያ ነው። ነጋዴው አራት ወር ቀድሞ ስሙን ያውቃል፤ ስለ ገበያ ክፍያና ስለ መንገድ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል።

ናይጄሪያ በ2022 ባወጣችው የምርጫ ሕግ ፓርቲዎች ዕጩ የሚለዩበትን መንገድ በሦስት ወስና ነበር፦ አባላት ሁሉ ድምፅ የሚሰጡበት፣ ተወካዮች የሚመርጡበት፣ ወይም በስምምነት። ይህ ማለት ግን ነገሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2023ቱ ምርጫ ገዢው ፓርቲ ኤፒሲ ለግዛት ገዥነት ዕጩ መሆን ለሚፈልግ ሰው ቅጹን በ50 ሚሊዮን ናይራ ሸጧል። ይህን ያህል ከፍሎ የገባ ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚመልስ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያሻም።

ስለዚህ የውስጥ ምርጫ ስለተደረገ ብቻ ደግ ሹም ይመጣል የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። ስሙ ቀድሞ ይታወቃል፣ ዋጋውም አደባባይ ይወጣል። 50 ሚሊዮን ናይራ ነውር ነው፤ ነገር ግን የታወቀ ነውር ነው። የማይታወቅ ዋጋ ግን ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ሁለት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ የመረጋጋት ነው። "አቶ አያሌው ስምንት ዓመት ሲቆዩ የውስጥ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሥራው ግን ይሄድ ነበር" የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ይሁንና ያ መረጋጋት የቆመው በአንድ ፓርቲ ጥንካሬ ላይ ነበር። ፓርቲው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲናጋ ወንበሩም አብሮ ተናጋ። ከውጭ ሆኖ የሚደግፈው ምሰሶ አልነበረምና። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ መጋዘን ምሰሶው እስኪወድቅ ድረስ ደህና ነው።

ሁለተኛው የጸጥታ ነው፤ ይህም ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ግጭት ገብቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ እስከ 2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ቆይቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነጋዴው በባንክ መተግበሪያ መክፈል ትቶ ጥሬ ገንዘብ ወደ መቁጠር ተመልሷል። መንገድ ሲዘጋ የጉና ድንች ማሳ ላይ ቀርቷል፣ የፎገራ ሩዝም በወረታ መጋዘኖች ተከማችቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ ግን ራሱ ግጭቱ ውስጥ አለ። አንድ ሕዝብ መሪው የት እንደሚወሰን ካላወቀ ቅሬታውን የት እንደሚያቀርብም አያውቅም። የግጭቱ መንስኤ ይህ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ የልዩ ኃይሉ ጉዳይም፣ የወሰን ጥያቄውም፣ ሌላውም አለ። ነገር ግን በ53 ወር አምስት መሪ የተቀያየረበት ክልል ከማን ጋር መነጋገር እንደሚቻል እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ደግሞም ከዚህ በታች የሚጠየቀው ነገር የድምፅ ሳጥን አይፈልግም። ወረቀትና ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል።

ምን ይጠየቅ?

የአዲስ አበባ ባለሀብት በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ምሳሌ አግኝቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት አስቀድሞ መግለጫ እንዲያወጣ ተገድዷል፦ ማን ይመራዋል፣ ዕዳው ስንት ነው፣ ሥጋቱ ምንድን ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰንም፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብር ቢያልፍም፣ ነጋዴው ጉዳቱን ማስላት የቻለው ደንቡ ስለታወቀ ነው። አንድ ሺህ ብር ለሚያወጣ አክሲዮን መግለጫ የሚጠየቅ ከሆነ የሚሊዮኖችን መሬትና ግብር ለሚያስተዳድር ወንበር መግለጫ መጠየቅ ምኑ ይበዛል?

ስለዚህ በየከተማው ያሉት የንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤቶች ገዢውንም ተቃዋሚውንም ፓርቲ አራት ነገር ሊጠይቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ፓርቲው አብላጫ ቢያገኝ በርዕሰ መስተዳድርነት የሚያቀርበው ሰው ማን እንደሆነ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ስሙን ያሳውቅ። ሰውየው በየትኛው የምርጫ ክልል እንደሚወዳደርም ይናገር።

ሁለተኛ፣ ያ ሰው በፓርቲው ውስጥ በማን፣ በስንት ድምፅ እንደተመረጠ ይገለጽ። በእጅ ማውጣትም ይሁን በሚስጥር፣ ቁጥሩ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ርዕሰ መስተዳድሩ በሥራ ዘመኑ መካከል ወደ ፌዴራል ሹመት የሚዛወር ከሆነ ምክንያቱ በምክር ቤቱ ፊት በግልጽ ይነገር፤ በዚያ የሽግግር ወቅትም የተጀመረ የሊዝ ጨረታ፣ የግብር ይግባኝና የኢንቨስትመንት ፈቃድ እንዳይቆም የሚያዝ ደንብ ይኑር። ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ዕጩው በሦስት ጉዳዮች ላይ ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ፦ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በየኬላው የሚጠየቀው ክፍያ በምን ሕግ እንደሚሰበሰብ፣ የግብር አቤቱታ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ። ቃል ይፈርሳል፤ በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ግን ሲፈርስ ይታያል።

እነዚህን ለመጠየቅ የሚፈራ ነጋዴ ይኖራል። ምክንያትም አለው። ፖለቲካ ውስጥ ገባህ ተብሎ ፈቃዱ እንዳይታገድ፣ የግብር ግምቱ እንዳይጨምርበት ይሰጋል። ለዚህ ነው ጥያቄው በአንድ ነጋዴ ስም ሳይሆን በምክር ቤቱ ስም፣ ለአንድ ፓርቲ ሳይሆን ለሁሉም መቅረብ ያለበት። ተቃዋሚዎቹም ከዚህ አያመልጡም፤ ሥልጣን ይገባናል የሚል ፓርቲ ማንን ይዞ እንደሚመጣ የመናገር ግዴታ አለበት።

"ዝም አይነቅዝም" የሚለው ብሂል በእህል ነጋዴ ዘንድ የተወደደ ነው። እስካሁን ግን ዝምታው ያተረፈው ነገር አልታየም። ወንበሩ በየ13 ወሩ ተለዋውጧል፣ ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተንከራቷል፣ መንገዱ ተከፍቶ ተዘግቷል። አፍ ዝም ሲል ባይነቅዝም መጋዘን ውስጥ የቆየው እህል ይነቅዛል። ኪሳራው የሚመዘገበውም በፓርቲው መዝገብ ሳይሆን በነጋዴው ነው።